ጢም ያለው ብልቃጥ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ ይህ ነው የምለው የለኝም። ምናልባት ድምፁ ይሆናል፤ ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ፣ ቡናማዎቹ የመድኃኒት ብልቃጦች እየተንከባለሉ ሲጋጩ የሚሰማው። ይኸው መሽቶም ከጆሮዬ አልወጣም።

ሽማግሌው ናቸው፣ የማክሰኞው ባለ ቀጠሮዬ፣ የቀድሞ ወታደር። ሐኪማቸው ወደ እኔ የላኳቸው ለደም ግፊት ነው፤ ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየዋጡ 158 በ94። ማስታወሻው አንድ መስመር ነው፦ «እባክሽ ተመልከቺልኝ»።

በቪኤ፣ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን በሚያክመው የመንግሥት ተቋም፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ውስጥ የክሊኒካል ፋርማሲስት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ዓይነት አንድ መስመር ይጀምራል። ሐኪሙ በሽታውን ይለያል፤ ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ኮሌስትሮሉን ልክ የማስገባቱ ልፋት ወደ እኛ ይመጣል። በተፈቀደልን የሥራ ወሰን መድኃኒት እንጀምራለን፣ መጠን እንቀይራለን፣ እናቆማለን፣ የደም ምርመራ እናዝዛለን። እ.ኤ.አ. በ2010 በተጀመረው ፓክት በሚሉት የቡድን አሠራር ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ረዳቷና ቀጠሮ የሚይዘው ሰው አንድ ቡድን ሆነው ወደ 1,200 ሰው ይይዛሉ። አንድ ፋርማሲስት ደግሞ ለሦስት ያህል ቡድን ይሠራል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ትልቅ ነገር ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለፌስታሉ መስጠት አለብኝ ብዬ አምናለሁ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ዝርዝር የታዘዘውን ነው የሚያሳየው። ፌስታሉ ግን ሰውየው ቤት ያለውን ያሳያል። ዛሬ ስክሪኑ ላይ 11 ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ 14። እያንዳንዱ ብልቃጥ ይነሳል፣ ቀኑ ይነበባል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ፍሬው ይታያል። የ90 ቀን መድኃኒት ከ60 ቀን በፊት በፖስታ ከመጣ 30 ያህል መቅረት አለበት። 70 ከቀረ ያ ሰው መድኃኒቱ «አልሠራለትም» አይባልም፤ አልዋጠውም። ይህን ሳይቆጥሩ አራተኛ መድኃኒት የሚጨምሩ አሉ። ጉዳቱ ዛሬ አይታይም። ሰውየው በሌላ ሕመም ሆስፒታል የተኛ ዕለት ነርሷ ዝርዝሩ ላይ ያለውን አራቱንም በሰዓቱ ትሰጠዋለች፤ በማግስቱ ከአልጋው ሲነሳ ተዝለፍልፎ ይወድቃል።

ሌላው የክኒን ግማሽ ነገር ነው። ቪኤ ትልቁን ክኒን ከመቁረጫው ጋር ልኮ «ግማሹን ይውሰዱ» የማለት ልማድ አለው። የግፊት መድኃኒቱን ሊዚኖፕሪልን 20 ሚሊግራም ሙሉ ክኒን ይውጥ ለነበረ ሰው 40 ሚሊግራሙ ይመጣለታል፤ ግማሽ የሚለው በትንንሽ ፊደል ከተጻፈው መመሪያ ውስጥ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው እንደ ድሮው ሙሉውን ይውጣል። ወይም ቆርጦ ቆርጦ ሲሰለቸው ይተወዋል። «ስንት ሚሊግራም ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም። «አንዱን አውጥተው እንደሚወስዱት አድርገው ያሳዩኝ» ማለት ነው የሚሻለው።

የግፊቱ ምሥጢር የተገኘው ግን ከታዘዙት ውስጥ አልነበረም። ከሱቅ የተገዛ ትልቅ ነጭ ጠርሙስ ኢቡፕሮፌን፣ የሕመም ማስታገሻ፤ ጠዋት አራት፣ ማታ አራት፣ እያንዳንዱ 200 ሚሊግራም። ጉልበት ነው፣ ወገብ ነው። ወታደር ቤት 800 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን የታደለው ሰው ብዙ ነው፤ «ቫይታሚን ኤም» ይሉታል፣ ሞትሪን ከሚለው የንግድ ስም ወስደው። ለብዙ ዓመት እንደ ቫይታሚን ያዩትን ነገር እንደ መድኃኒት ቆጥረው እንዲነግሩን መጠበቅ የእኛ ስህተት ነው። ኢቡፕሮፌን ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ የግፊት መድኃኒቶችን ጉልበት ይቀንሳል። ከሊዚኖፕሪልና ሽንት ከሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊትን በሦስት አቅጣጫ ይይዘዋል፤ አንዱ የሚገባውን ደም ያጠብባል፣ ሌላው በመውጫው በኩል ያለውን ግፊት ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ውሃውን ያሟጥጣል። ስለዚህ አራተኛ የግፊት መድኃኒት አልተጨመረም። ኢቡፕሮፌኑ ቆመ። በምትኩ ፓራሲታሞል፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ፤ ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ ጄል፣ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ካርድ ላይ 4 ግራም እየተለካ በቀን አራት ጊዜ። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ታዘዘ።

ቤታቸው ግፊት የሚለኩበትንም አሠራር አየነው። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ላይ፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ ፊኛ ባዶ ሆኖ፣ ቡናና ሲጋራ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቆሞ። ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመካከል አንድ ደቂቃ፣ ለሰባት ቀን። ክንዳቸው ደንደን ያለ ነው፤ የገዙት የመለኪያው የክንድ መጠቅለያ ደግሞ ጠባብ። ጠባብ መጠቅለያ ያለውን ግፊት ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሰፊው በፖስታ ይላክላቸዋል።

ስለ ግፊት ሳስብ ሁልጊዜ የማይረሳኝ ነገር አለ። የደም ግፊትን በክኒን ማከም ሰው እንደሚያድን መጀመሪያ በጠራ ሁኔታ ያሳዩት የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ዶክተር ኤድዋርድ ፍራይስ የመሩት የቪኤ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም የተሳተፉት 143 ወንዶች ነበሩ፤ የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129። መድኃኒት ካገኙት ውስጥ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው 2፣ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ውስጥ 27። ዛሬ የትም ዓለም ግፊቱን የሚታከም ሰው ለእነዚያ ሰዎች ባለዕዳ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ፣ ስሙ ከቡድን አሠራሩ ጋር አንድ ነው፣ ፓክት ይባላል፣ ቬትናም ላይ ለኤጀንት ኦሬንጅ፣ በጦርነቱ ለተረጨው ቅጠል አርጋፊ ኬሚካል፣ ከተጋለጡት ሰዎች የደም ግፊት ሕመም ከአገልግሎታቸው የመጣ ነው ብሎ ተቀብሏል። ስኳሩ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአገልግሎት የመጣ ነው ለተባለ ሕመም መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ላልተባለው ከፋዩ ሰው እንደ መድኃኒቱ ደረጃ ለ30 ቀን 5፣ 8 ወይም 11 ዶላር ይጠየቃል። አሥር ዓይነት መድኃኒት ላለው ሰው ይህ ይደመራል፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው ክኒኑን ቀን እያስዘለለ ያቆየዋል። ስለዚህ «ማመልከቻ አስገብተዋል?» የሚለውም የፋርማሲስት ጥያቄ ነው።

ልል የፈለግሁት ግን ይህን አልነበረም።

አሥራ አራተኛው ብልቃጥ ነው። ግማሹ ያለቀ ብልቃጥ ሲንከባለል ይንሿሿል። ጢም ያለው ግን ድም ብሎ ይወድቃል እንጂ ድምፅ የለውም። ከፌስታሉ መጨረሻ የወጣው ድም አለ። ፕራዞሲን፣ 1 ሚሊግራም እንክብል፣ ማታ ሲተኙ። ከሦስት ወር በፊት የታዘዘ። አንድም ፍሬ አልጎደለም።

ከዚያ በኋላ ስለ ግፊቱ ማሰብ አልቻልኩም።

ፕራዞሲን ራሱ የግፊት መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የተፈቀደው ለዚያ ነበር። ለቅዠት እንደሚሆን መንገዱን የከፈቱት ሲያትል ባለው ቪኤ ይሠሩ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪም መሬይ ራስኪንድ ናቸው። ሌሊት አእምሮን እንደ ዘበኛ ነቅቶ የሚያቆመውን የኖርአድሬናሊን ጩኸት ያለዝባል። እንቅልፍ የሚያስወስድ ክኒን አይደለም፤ ይህን ሳይነግሩ መስጠት ከባድ ስህተት ነው። «ከወሰድኩት ድፍን ብዬ እተኛለሁ፣ በሩ ቢከፈት አልሰማም» ብሎ የሚፈራ ሰው ፈጽሞ አይነካውም።

ጥናቱም ቀጥ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ትልቁ ጥናት፣ 304 የቀድሞ ወታደሮች የገቡበት፣ ከባዶ እንክብል ብልጫ አላሳየም። ብዙዎች የሰጡት ማብራሪያ ቅዠቱ ያየለባቸው ሰዎች ባዶ እንክብል ሊደርሳቸው ወደሚችል ጥናት አልገቡም የሚል ነው። የ2017ቱ የቪኤና የመከላከያ ሚኒስቴር መመሪያ ይሁንም አይሁንም አላለም፤ የ2023ቱ ለቅዠት ቢሰጥ ይሻላል ብሏል፣ በለዘበ ቃል። እኔ ከሚሰጡት ወገን ነኝ። ጠዋት ፊታቸው ሲበራ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ግን መንገዱ በቀስታ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት 1 ሚሊግራም፣ አልጋ ላይ ሆኖ። ሶፋ ላይ ውጦ ቴሌቪዥን እያዩ መቆየት የለም። የመጀመሪያው ፍሬ ግፊትን ድንገት ሊጥል ይችላል፤ አደጋው ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ እግር መሬት ማስነካት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቆ መነሳት። ከጥቂት ቀን በኋላ 2 ሚሊግራም፣ ከዚያ ግፊቱ እስከፈቀደ ድረስ በ1 ወይም በ2 ከፍ ማለት። 1 ሚሊግራም ላይ ረስቶ መተው ብዙ ጊዜ የሚታይ ጥፋት ነው፤ ሰውየው «አልሠራልኝም» ይላል፣ መዝገቡም «አልሠራለትም» ይላል፣ ነገር ግን ገና አልተሞከረም። ጥቂት ቀን ከተቋረጠ ካቆሙበት አይቀጠልም፤ እንደገና ከ1 ነው የሚጀመረው። ለፕሮስቴት የሚወሰደው ታምሱሎሲንም ለወንድነት ድክመት የሚወሰደው ሲልደናፊልም ግፊቱን አብረው ይጎትቱታል። የሽማግሌው ፌስታል ውስጥ ታምሱሎሲን ነበር። ሲልደናፊልን በተመለከተ መጠየቅ የግድ ነው፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም።

«ይወስዱታል ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። ወታደር መልሱ አንድ ነው፦ አዎ፣ ጌታዬ። «ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ሳይወሰድ አለፈ?» ሲባል ግን መዝለል ያለ ነገር መሆኑን ጥያቄው አስቀድሞ ስለሚቀበል እውነቱ ይወጣል።

ሽማግሌው ሰባቱም አሉ። መውደቅ ፈርተው እንደሆነ ተጠየቁ፤ አይደለም። ድፍን ብሎ መተኛት? አይደለም። ብልቃጡን አንስተው በእጃቸው አገላበጡት፣ ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «እዚያ ነው የማየው» አሉ። ስም ጠሩ። የመጀመሪያ ስም ብቻ፣ በ19 ዓመቱ የቀረ ልጅ ስም። ሌላ ቦታ ፊቱ አይመጣላቸውም፤ ፎቶውም የላቸውም። ቅዠቱ ውስጥ ግን ይመጣል፤ ያ ነገር ከመሆኑ በፊት ለጥቂት ጊዜ ሲስቅ ያዩታል።

ቅጹ ላይ የሚሞላው «ቅዠት በሳምንት ስንት ጊዜ» የሚል ነው፤ ግቡ ዜሮ። እስከ ዛሬ ያን ዜሮ ያለ ምንም ጥርጥር ስጽፍ ኖሬያለሁ። መድኃኒቱ ሲጀምር ሕልሙ ሁሉ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ብዙዎች ድንጋጤው ቀነሰ እንጂ ሕልም አቆምን አይሉም። ይህንንም ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ማመን ይሁን ትሕትና አልለየሁም። በንግግር ለሚሆነው ሕክምና የቡድኑ ሥነ ልቦና ባለሙያ እንድታያቸው ተስማሙ። ብልቃጡን ግን ወደ ፌስታሉ መለሱት፤ እኔም አልተከራከርኩም።

የግፊቱ ቀጠሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ ነው። ስንት ሌሊት እንዳለፈ እጠይቃቸዋለሁ። አሁንም ሰባቱም ካሉኝ ቀጥዬ ምን እንደምጠይቅ ግን ገና አላወቅሁም።