ደረቁ ካልሲ

ባለፈው ግንቦት ለማስታወቂያ ዝግጅት ትምህርት አምስት ተማሪዎች ተቧድነን የ30 ሰከንድ የጫማ ማስታወቂያ እንድንሠራ ታዘዝን። ከፋብሪካ ጫማ ይልቅ ጅማ መርካቶ አካባቢ በእጃቸው የሚሰፉ አንድ አዛውንት የሠሩትን ቡናማ የቆዳ ጫማ መረጥን፤ ምክንያታችን በከፊል የከተማችንን ባለሙያ ሥራ ለማሳየት ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር ግን አዛውንቱ ጫማውን ያለ ክፍያ ሊያውሱን ስለ ፈቀዱም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ አበበ ቢቂላ ነበር። ከመካከላችን አንዱ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን በሮም የተገኘውን ድል መነሻ እናድርግ ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ ጀግናው ማራቶኑን ያሸነፈው በባዶ እግሩ መሆኑንና ይህም ለጫማ ሻጭ ደስ የማይል ምስክርነት መሆኑን ያስታወስነው ስክሪፕቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሐሳቡን ያመጣው ልጅ፣ አበበ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ጭራሽ በተሻለ ሰዓት እንዳሸነፈ ቢያስረዳንም፣ ይህን ሁሉ በ30 ሰከንድ የሚናገር አልተገኘም።

ስለዚህ ወደ ዝናቡ ዞርን። በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ለሚኖር ሰው ስለ ጫማ የሚነገረው ትልቁ ነገር ከውኃና ከቀይ ጭቃ ጋር ያለው ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ቁልቁለት ሲወርድ ዝናብ ይይዘዋል፤ ያቆረ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ነጭ ካልሲው እንደ ደረቀ ይታያል፤ ከዚያም «ውኃ አያስገባም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ስክሪፕቱ ይኸው ነበር።

ጫማ መቅረጽ ፊት ከመቅረጽ ይከብዳል። ሰፊ ሌንስ አስጠግተን ስንቀርጸው አፍንጫው አብጦ ተረከዙ ጠፋ፤ ራቅ ብለን በረጅም ሌንስ ስንይዘው ግን ቅርጹ ተመለሰ። የተወለወለ ቆዳ ደግሞ እንደ መስታወት ስለሆነ ካሜራ የያዘው ልጅ ከነጉልበቱ ጫማው ላይ ታየ፤ ይህን ያሸነፍነው የአንዷን የቡድናችንን አባል ነጠላ በመስኮቱና በጫማው መካከል በመወጠር ነው። በአዛውንቱ ሱቅ ውስጥ አምፖሉ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር እየጎተተ አስቸገረን። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ዑደት የሚመላለስ መሆኑን አስታውሰን ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም (ቋሚ ምስል)፣ ብርሃን የሚያስገባውን የሹተሩን ፍጥነትም በ1/50 ሰከንድ ብናደርገው መስመሩ ጠፋ። ለውኃው ፍንጣቂ በሰከንድ 100 ፍሬም ቀርጸን በ25 ስናጫውተው፣ አራት እጥፍ ዘግይቶ የሚበተነው ቀይ ውኃ በሥራችን ሁሉ የተሻለው ምስል ሆነ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተዋናያችን ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል። ማንም ብዙ አልተናገረም፤ ሌላ ነጭ ካልሲ አምጥተን፣ የልጁን እግር በፎጣ አድርቀን፣ ጫማውንም ከውጭ ብቻ ውኃ ረጭተንበት እንደገና ቀረጽን። ሁለቱ ሾቶች ሲቀጣጠሉ መጋጠሚያው ፈጽሞ አይታይም ነበር። ኤዲቲንግ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዋሽ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ሾት በእርግጥ የሆነ ነገር ያሳያል፣ ውሸቱ የሚቀመጠው በሁለቱ መካከል ነው።

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን እንደሚከለክል በክፍል ተምረናል፤ ቢሆንም «የተማሪ ሥራ ነው፣ ማን ይገዛበታል?» ያልነው እኛው ነን፤ ከተናገሩትም አንዱ እኔ ነበርኩ። ጉዳዩን የቋጩት አዛውንቱ ናቸው። ጫማውን ልንመልስ ሄደን፣ እንደ ረጠበ ስላፈርን ነገሩን በይቅርታ መልክ ነገርናቸው።

«ውኃ አያስገባም ያለው ማነው ልጆቼ?» አሉ ሶሉን እያገላበጡ። «እኔ አላልኩም። ክር የገባበት ቀዳዳ ውኃም ይገባበታል። ክሩን ሰም እቀባዋለሁ፣ ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም።»

ከዚያም እሳት ዳር እንዳናደርቀው፣ ቆዳው እንደሚሰነጠቅ፣ ይልቁንም ጋዜጣ ጠቅጥቀን በጥላ እንድናሳድረው እያስረዱ ራሳቸው ይጠቀጥቁት ጀመር። ካሜራው በትከሻዬ ላይ ነበርና ፈቃዳቸውን ጠይቄ ቀረጽኳቸው። የተሰነጣጠቀው ጣታቸው የተጨበጠውን ጋዜጣ እስከ ጫማው አፍንጫ ድረስ ሲገፋ ያለ አንዳች ዝግጅት ያገኘነው ሾት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነጠላ ወጥረን ከለፋንበት ሁሉ በለጠ።

ደረቁን ካልሲ አወጣነው። በአዲሱ ማስታወቂያ ልጁ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ የረጠበ ካልሲውን ይጨምቃል፣ የአዛውንቱ እጆች ጋዜጣውን ይጠቀጥቃሉ፣ በማግስቱም ያው ጫማ ያንኑ ቁልቁለት ይወርዳል። ድምፁም «ነገም ይደረጋል» ብቻ ይላል። ሥራው 34 ሰከንድ ስለሆነ መምህራችን ከተፈቀደው በላይ ለሄድንባቸው አራት ሰከንዶች ነጥብ ቀነሱብን፤ የሚቆረጠው ጋዜጣው የሚጠቀጠቅበት ሾት ብቻ ነበርና አምስታችንም አንቆርጥም ብለን ፈረምን።