ሁለት አማካሪ፣ አንድ ቲሲስ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ለቲሲሴ የመረጥኩት ርዕስ እምቦጭ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም ነበር። ትምህርቴ ሶሺዮሎጂ ነው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ በስተሰሜን ያለውን የደንቢያን ዳርቻ እየሸፈነ ሄደ። እኔ የአሳ አጥማጆቹን ኑሮ ማወቅ ነበር የፈለግኩት። ሐይቁን ሳያውቁ ግን ስለ ኑሯቸው መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ አንድ አማካሪ ከሶሺዮሎጂ፣ አንድ ከባዮሎጂ ተመደበልኝ።

ችግሩ የመጣው የመጀመሪያው ረቂቅ ሲመለስ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቁጥሩ የታለ?» ተብሎ ተጽፏል። ሌላው ላይ፣ እዚያው አንቀጽ ጎን፣ «ሰዎቹስ ምን አሉ?» ይላል። ለአንዱ ሳስተካክል ሌላው አይወደውም። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። የክፍል ጓደኞቼ ስለ አረም ሳወራ ይሰለቻሉ፣ የባዮሎጂዎቹ ንግግር ደግሞ አይገባኝም። ምሳ ብቻዬን መብላት ለመድኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ።

በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ሕብረተሰብ ጤና የምትማር ልጅ ነበረች። አንድ ማታ «አማርኛው ይገባ እንደሆነ እስቲ ስሚኝ» ብላ መጠይቋን ይዛ መጣች። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ አዎ ወይም አይ የሚባልባቸው 20 ጥያቄዎች ናቸው፤ ስላለፉት 30 ቀናት ይጠይቃሉ። እንቅልፍ ያስቸግርሻል? አዎ። የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል? አዎ። መወሰን ይከብድሻል? አዎ። ግማሽ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቺ፣ ስለ ራስሽ ነው እንዴ የምትመልሺው?» አለችኝ። እንባዬ መጣ።

መጠይቁ በሽታ አይለይም፤ ባለሙያ ማየት እንዳለብሽ ግን ይጠቁማል። በማግስቱ ይዛኝ ሄደች። ከሥነ ልቦና አማካሪ ጋር ለሳምንታት ተነጋገርኩ፤ እንቅልፌም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ባልሄድ ኖሮ ትምህርቱን አቋርጬ ወደ ቤተሰቦቼ እመለስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጥናቱን መላ ያገኘሁትም ከእሷ ነው። የእነሱ ኮሌጅ ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) አብረው እንዲሠለጥኑ ታስቦ ነበር። ዛሬም ተማሪዎቹ በቡድን ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። «የእናንተዎቹ ለምን ለየብቻ?» አለችኝ።

እውነትም አማካሪዎቼ ስለኔ ሥራ አንድም ቀን አብረው አልተቀመጡም። ሁለቱንም ለመንኳቸው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ወዲያ ኮሜንታቸውን ተነጋግረው፣ በአንድ ወረቀት ይሰጡኝ ጀመር።

ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ ስወርድም ከባዮሎጂ አንድ ተማሪ አብሮኝ ሄደ። ዳር ላይ አንድ እምቦጭ ነቅሎ ያበጠውን አንገቱን በጥፍሩ ሰነጠቀው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር ሞልቶታል፤ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይም ነገረን። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ቆይተው «ታዲያ የኔ ልጅ፣ አረሙን ልንነቅል ይሄን ሁሉ ዘመቻ ስንወጣ ማን ነገረን? እኛ እኮ ሰንፈን የተመለሰብን መስሎን ነበር» አሉኝ።

ማስታወሻዬ ላይ እንዳለ ጻፍኩት። የጥናቴ ዋና ጥያቄ የተቀየረው እዚያ ነው። አረሙ ምን ያህል ገቢ ቀነሰ ከሚለው ይልቅ ሰዎቹ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ለምን አደረጉ የሚለውን ያዝኩ። ብቻዬን ብሄድ ያን ንግግር አልሰማውም ነበር፤ ስለ ፍሬው የሚነግራቸው ሰው አይኖርማ።

አሁን ፕሮፖዛል የሚጽፉ ታናናሾቼን አማካሪዎቻችሁን ከመጀመሪያው ሳምንት አገናኙ እላቸዋለሁ። እኔ ከስድስት ወር በኋላ ነው ያደረግኩት። አርብ አርብ ከሰዓት የሦስት ዲፓርትመንት ልጆች ቡና እንጠጣለን። ስለ ቲሲስ የሚወራው ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው። መጀመሪያ የምንጠያየቀው እንቅልፍ እንዴት ነው ብለን ነው።