ኢየሩሳሌም መውጣት ላቃታቸው፦ ስግድን ሚክላት (የቦምብ መጠለያ) ውስጥ ያከበርንበት ዓመት

እኔ ቄስ አይደለሁም፣ የቄስ ልጅም አይደለሁም፣ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ጉልበት ነው። በየዓመቱ ስግድ፣ የኛ የቤተ እስራኤሎች የጾምና የጸሎት በዓል፣ ሲመጣ ከኛ ከተማ፣ ደቡብ እስራኤል ካለችው ከቤርሼባ፣ አውቶቡሶች ጢም ብለው ሞልተው ኢየሩሳሌም ይወጣሉ፣ አርሞን ሃናጺብ የሚባለው ኮረብታ ላይ ቄሶቹ በየቀለሙ ጃንጥላ ተዘርግቶላቸው ይጸልያሉ፣ እሷ ግን ጉልበቷ እምቢ ካለ ወዲህ ቤት ነው የምትቀረው። አንድ ጊዜ ከሌሊት ፈረቃ ስገባ ነጭ በነጭ ለብሳ ቲቪው ፊት አገኘኋት። ቄሶቹ ሲታዩ ግንባሯን ወለል ታስነካለች፣ ጋዜጠኛዋ መሃል ገብታ ማውራት ስትጀምር ደግሞ ሶፋውን ተደግፋ ተነስታ እስክትጨርስ ትጠብቃታለች። ሰፈሩን ዞሬ ስጠይቅ እንደሷ ቤት የሚቀሩ 23 አዛውንት አገኘሁ። እዚሁ ለምን አናደርግላቸውም አልኩ፣ ሦስት ጓደኞቼ እሺ አሉ፣ ዋትስአፕ ግሩፕ ከፈትን፣ በቃ ገባንበት።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቄሱ ጋ ወረቀት ይዤ መሄዴ ነው። የሰፈራችን ቄስ እሳቸውም ዕድሜ ተጫጭኗቸው ኢየሩሳሌም መውጣት ትተዋል። እኔ ኤክሴል ላይ ጸሎት 40 ደቂቃ፣ ንግግር 10 ደቂቃ፣ የልጆች ዝግጅት 15 ደቂቃ ምናምን ብዬ ፕሪንት አድርጌ ሰጠኋቸው። ተቀብለው አዩት፣ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት፣ ከዛ «ልጄ፣ ይሄን ጸሎት በምን ሰፈርከው? በቁና ነው?» አሉኝ። ላብ አሰመጠኝ። በሁለተኛው ቀን ባዶ እጄን ሄጄ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ጎንደር፣ አምቦበር ላይ እንዴት ያደርጉት እንደነበር ጠየቅኳቸው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ፣ ከሌሊቱ ተነስተው ስለሚታጠቡት፣ ድንጋይ ተሸክመው ተራራውን ስለሚወጡት፣ ቀን ሙሉ ስለሚጾሙት። ፕሮግራሙ ከዛ ወሬ ውስጥ ወጣ፣ እኔ የጻፍኩት ምንም የለም። ጸሎቱ ሲያልቅ ጾሙ ይፈታል፣ ሰዓት ስለሞላ የሚፈታ ነገር የለም፣ ይቺን ብቻ ቀድሜ ባውቅ ግማሹ ራስ ምታት ይቀርልኝ ነበር።

ቀኑስ? ይሄ ደግሞ ያስቃል። ዓመቱ በፈረንጆቹ 2024 ነው። ስግድ ከዮም ኪፑር፣ ሽማግሌዎቹ አስተሥርዮ ከሚሉት የስርየት ጾም ማለት ነው፣ ራሱን ጨምሮ ሲቆጠር 50ኛው ቀን ላይ፣ በዕብራውያን አቆጣጠር በ29 ሕሽቫን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስልኬ ላይ ቀኑን ፈልጌ ኖቬምበር 30 ብሎ ሲያሳየኝ ማትናስ፣ የሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ ደውዬ የአዳራሽ ጥያቄ አስገባሁ፣ ለግሩፑም ላክሁ። እናቴ ማታ ሰምታ «በሰንበት ነው እንዴ የምንጾመው?» አለችኝ። ቅዳሜ ነው ለካ! ስግድ ሰንበት ላይ ሲውል ወደ ሐሙስ ይመለሳል፣ ያን ዓመትም ኖቬምበር 28 ነበር የተከበረው። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ከዮም ኪፑር፣ ከ10 ቲሽሪ ማለት ነው፣ እስከ 29 ሕሽቫን ልዩነቱ ልክ 49 ቀን ነው፣ ሰባት ሳምንት፣ ስለዚህ ስግድ ሁልጊዜ ዮም ኪፑር በዋለበት ዕለት ነው የሚውለው። ዮም ኪፑር ቅዳሜ ከዋለ ስግድም ቅዳሜ ይመጣልና አዳራሽ ለሐሙስ ያዙ፣ ካላንደር መክፈትም አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ፓርላማው በፈረንጆቹ 2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል ብሎ በሕግ አጽድቆታል፣ ለአለቃዬ ይሄን ማስረዳት ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ከእረፍት ቀኔ አስቆርጬ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ ሲሆን አዳራሹ ቀድሞ ተይዟል። የቀረልን ሚክላት ውስጥ ያለችው ትንሿ ቤት ክነሴት (ምኩራብ) ናት። እስቲ አስቡት፣ ጉልበታቸውን ላመማቸው ሰዎች ብዬ የተነሳሁት ሰውዬ ከመሬት በታች ደረጃ የሚያስወርድ ቦታ ያዝኩላቸው። ልጆቹ በፕላስቲክ ወንበር ለሁለት ለሁለት እያነሱ አወረዷቸው፣ አንዳንዶቹ አሮጊቶች እየሳቁ፣ አንዳንዶቹ ጥላቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው። ሁሉም ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ቄሱ ቆሙና «ኢየሩሳሌም በየት በኩል ናት?» አሉ። ዝም። መስኮት የለም፣ ግድግዳው በሙሉ ብረትና ኮንክሪት ስለሆነ ይሁን እንጃ የልጆቹ ስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ ዝም ብሎ ይዞራል፣ አንዱ ወዲህ ይላል ሌላው ወዲያ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ወደ ላይ ላኩት፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች አይቶ መጣ፣ እሳቸው በእጃቸው ጠቆሙና «አምቦበር እያለን ወደ ሰሜን ነበር፣ ይኸው ደርሰንም ገና ወደ ሰሜን ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ቄሱም ሳቁ፣ ጸሎቱ እንዲህ ተጀመረ። አሁን ቦታ ስንይዝ ማይክና መጸዳጃ ቤት ከማየታችን በፊት የኢየሩሳሌምን አቅጣጫ ግድግዳው ላይ በወረቀት እንለጥፋለን።

በጣም የፈራሁት ቋንቋውን ነበር። ሽማግሌዎቹ ግዕዙን በአማርኛ ካልተተረጎመ ብዙውን አይሰሙትም፣ ወጣቶቹ ደግሞ አማርኛው ራሱ ከቡና ጠጡና ከእንዴት አደራችሁ አያልፍላቸውም። በዕብራይስጥ ይነበብ ብል ቄሱ ይቀየሙኛል ብዬ ስንት ቀን ንግግር ተለማመድኩ መሰላችሁ። ገና አፌን ስከፍት «ነህምያን አንብበሃል?» አሉኝ። ስግድ ላይ የሚነበበው ራሱ ይላል፣ ዕዝራ ሕጉን ለሕዝቡ ሲያነብ ሌዋውያኑ ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። «እኛስ በአማርኛ የምንተረጉመው ለምን ይመስልሃል? ለልጆቹም ይነገራቸው» አሉ። የተለማመድኩት ንግግር ከንቱ ቀረ። ሁሉን በሦስት ቋንቋ ብናደርገው ግን እስከ ሌሊት አንጨርስም ነበርና ዘጸአት ላይ ያለውን የሕጉን መሰጠትና ነህምያን ብቻ መረጥን፣ ሌላው በግዕዝ እንዳለ ቀጠለ፣ እውነቱን ለመናገር ወጣቶቹ ባይገባቸውም ዜማው ያዛቸው።

ዕብራይስጡን ያነበበችው የ16 ዓመት ልጅ ናት። ዕዝራ መጽሐፉን በከፈተ ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ቆመ የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና አለች። በፕላስቲክ ወንበር የወረዱት አሮጊቶች ከፊቷ ቆመዋል፣ ቄሱ መጽሐፉን ገና ሲገልጡ ነበር አንዱ ባንዱ ተደግፎ የተነሳው። ልጅቷ ዝም ብላ አየቻቸው፣ ከዛ ጓደኞቿን ዞራ አየች፣ ከኋላ ስልክ ይዘው የተቀመጡት ጎረምሶች አንድ በአንድ ተነሱ። እኔም ተቀምጬ ነበር፣ ተነሳሁ።

ምግቡ ላይ አጥፍቻለሁ። ዳቦው ቶሎ ይድረስ ብዬ ከጠዋቱ አስመጥቼ በሩ ጋ ደረደርኩት፣ አየር በሌለው ሚክላት ውስጥ ትኩስ ዳቦ ለጾመኛ ምን እንደሚያደርግ አላሰብኩም። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ስትገላምጠኝ ነው የነቃሁት፣ ወዲያው ወደ ላይ አወጣነው።

ጸሎቱ አልቆ ቄሱ ባርከው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ያው ነህምያ ላይ ላልተዘጋጀላቸው እድል ፈንታቸውን ላኩ ስለሚል፣ ሚክላት ድረስ እንኳ መምጣት ላልቻሉት በፌስታል አድርገን አደልን። እኔ የደረሰኝ አሳንሰር የሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ሊመሽ ትንሽ ሲቀረው ነው የደረስኩት። በሩን ሲከፍቱ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፣ ፌስታሉን ዘረጋሁላቸው፣ አልተቀበሉኝም። «ቄሱ ፈቱ ወይ?» አሉኝ።

ከፈቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር፣ የነገራቸው ሰው የለም። ለዘንድሮው ስፒከር ላይ የሚሆን ስልክ አዘጋጅተን ከሚክላቱ እንደውልላቸዋለን።