ያልተጻፈው ሁለተኛ ጽሑፍ

ዋና አዘጋጃችን ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው «ሌላውስ የታለ?» ሲሉኝ ምን እንደጠየቁኝ ወዲያው ገብቶኛል። ዕለቱ ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2016 ነው፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖረው ወገናችን በአማርኛ በሚያሰራጭ አነስተኛ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ምርጫውን እንድከታተል የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ለረቡዕ ጠዋት ሁለት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ፤ አንዱ ዴሞክራቶች ካሸነፉ፣ ሌላው ሪፐብሊካኖች ካሸነፉ የሚነበብ። የጻፍኩት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ሁለተኛው አያስፈልግም፤ ስሌቱን ሠርቼዋለሁ» አልኳቸው።

ስሌቱ ይኸው ነበር። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት በየግዛቱ የተደለደሉ ወኪሎች ናቸው፤ ለማሸነፍ ከ538 የእነዚህ ወኪሎች (የኤሌክቶራል ኮሌጅ) ድምፅ 270 ያስፈልጋል። ዊስኮንሰንንና ሚቺጋንን ለዴሞክራቶች ሰጠሁ፤ ዊስኮንሰን ለመጨረሻ ጊዜ ሪፐብሊካን የመረጠችው በ1984፣ ሚቺጋን ደግሞ በ1988 ነውና ብዙ አላሰብኩበትም። ከዚያ በኋላ ዶናልድ ትራምፕ 270 ለመድረስ ፍሎሪዳን፣ ሰሜን ካሮላይናንና ፔንሲልቬንያን ሦስቱንም መውሰድ ነበረባቸው። ለፍሎሪዳና ለሰሜን ካሮላይና ግማሽ በግማሽ፣ ለፔንሲልቬንያ ሩብ ዕድል ሰጥቼ በኤክሴል አባዛሁት። ከ16 አንድ መጣ፤ 6 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሂላሪ ክሊንተን 94 በመቶ ያሸንፋሉ አልኩ። የኒው ዮርክ ታይምስ ትንበያ 85 በመቶ ይላል፤ ከፕሪንስተን የወጣው 99 ደርሷል። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የትንበያ ድረ ገጽ ብቻ 71 ላይ ቆሟል፤ እኔም «እነዚህ ፈርተው ነው» ብዬ አለፍኳቸው።

አዘጋጃችን ብዙ አልተከራከሩኝም። «ልጄ፣ አንድ ገጽም ቢሆን ጻፍ» ብለውኝ ሄዱ። አልጻፍኩም።

ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ይህንኑ ትንታኔ በአየር ላይ አቅርቤ ነበር። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ የቋንቋዬ ነገር ነው። የእንግሊዝኛው ዘገባ ክሊንተን የማሸነፍ ሰፋ ያለ ዕድል እንዳላቸው ነበር የሚናገረው። እኔ ጋ ሲደርስ «ማሸነፋቸው አይቀርም» ሆነ። በአማርኛ «ዕድሉ ሰፊ ነው» ማለትና «አይቀርም» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ አንደኛው ሰሚውን ያስጠነቅቀዋል፣ ሁለተኛው ያስተኛዋል። አንድ አድማጭ ደውለው «94 በመቶ ማለት ከመቶ 94 ሰው እሳቸውን ይመርጣል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አለመሆኑን ነገርኳቸው፤ ግን በደንብ አላስረዳሁም። በአገር አቀፍ ደረጃ በሕዝብ አስተያየት ጥናቶቹ የነበረው ልዩነት ከ3 እስከ 4 ነጥብ ብቻ እንደነበር፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ደግሞ በአንድ ተራ ስህተት ልትጠፋ እንደምትችል ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።

ማክሰኞ ማታ ቢሯችን ሰው ሞልቶታል። ፍሎሪዳ ለትራምፕ መሆኗ የተነገረው ምሽት 5 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰዓት መለስ ብዬ ማስታወስ አልወድም። ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ አሶሺየትድ ፕሬስ ዊስኮንሰንን ከምርጫው አሸናፊነት ጋር ለትራምፕ ሰጠ። ሥርጭታችን የሚጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በእጄ ያለው ጽሑፍ ደግሞ «የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት» ብሎ ይጀምራል።

በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ የሆነ ነገር ጻፍኩ። ውጤቱን፣ ስሙን፣ ቁጥሩን አነበብኩ። ስልኩ ሲከፈት ግን ማንም ስለ ኤሌክቶራል ኮሌጅ አልጠየቀኝም። «ለባለቤቴ ያስገባሁት ማመልከቻ ምን ይሆናል?» «ሱዳን ያለው ወንድሜ በስደተኝነት ጉዳዩ ሊያልቅ ነበር፣ ይቆማል እንዴ?» «ዲቪ ሊቀር ነው?» መልስ አልነበረኝም። ሪፐብሊካኑ ዕጩ ስለ ስደተኞች በዘመቻቸው ያሉትን ሁሉ ከወራት በፊት ሰብስቤ አስቀምጬ ነበር፤ አደራጅቶ ለአድማጭ ማቅረቡ የዚያ ያልጻፍኩት ሁለተኛ ጽሑፍ ሥራ ነበር። በጃንዋሪ 2017 የስደተኞች ቅበላ ለ120 ቀናት እንዲቆም ትእዛዝ ሲወጣ የወንድሙን ጉዳይ የጠየቀኝ ሰውዬ ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የመጣው።

ሐሙስ ዕለት አዘጋጃችን ኤክሴሉን እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። ሴትየዋ የሒሳብ ሰው አይደሉም፤ ለዓመታት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። የማባዛቱን መስመር አይተው «እነዚህን ሦስቱን ለምን ለየብቻ አደረግሃቸው?» አሉኝ። ሦስት የተለያዩ ግዛቶች ስለሆኑ አልኳቸው።

«ከአንድ ቡሃቃ የወጣ ሊጥ እኮ ነው። እርሾው ከተበላሸ አንዱ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ሌላው አፍለኛ አይሆንም፤ ሁሉም ነው የሚበላሸው።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሦስቱን ዕድሎች ማባዛት የሚቻለው አንደኛው ላይ የሚፈጠር ስህተት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ነው። እዚህ ግን እርሾው አንድ ነው። በብዙ ግዛቶች የተሠሩት የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ኮሌጅ የጨረሰውን ሰው ከሚገባው በላይ አካትተዋል፤ ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ለመጠየቅ ይበልጥ ፈቃደኛ ነው። ብዙዎቹ አጥኚዎች ያንን በትምህርት ደረጃ አላስተካከሉትም። ቀድሞ ይህ ብዙ አይጎዳም ነበር፤ በ2016 ግን ኮሌጅ ያልጨረሰው ነጭ መራጭ በብዛት ወደ ትራምፕ ሲሄድ ያው አንድ ጉድለት ዊስኮንሰንም፣ ሚቺጋንም፣ ፔንሲልቬንያም ላይ በአንድ አቅጣጫ መታ። «አትነቃነቅም» ብዬ የሰጠኋት ሚቺጋን በ10,704 ድምፅ፣ ዊስኮንሰን በ22,748፣ ፔንሲልቬንያ በ44,292 ድምፅ ሄዱ። በአገር አቀፍ ደረጃ ክሊንተን ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ነው የተሸነፉት። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት 71 ላይ የቆመው በፍርሃት አልነበረም፤ ግዛቶቹ አብረው ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ስሌቱ ውስጥ ስላስገባ ነው።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት ከፊላደልፊያ ደወሉ። ዜግነት ያገኙት በዚያው ዓመት ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። ሬዲዮአችንን በስልክ መስመር ነው የሚያዳምጡት። «ልጄ፣ እሁድ አንተ አይቀርም ስትል ሰምቼ፣ ካለቀማ ብዬ ማክሰኞ ድርብ ሺፍት ገባሁ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የአንድ ሰው ድምፅ የ44 ሺህ ልዩነትን እንደማይለውጥ አውቃለሁ። ቢሆንም የመጀመሪያ ድምፃቸው ነበር፤ ያንን እኔ ነኝ የወሰድኩባቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በሚቀጥለው እሁድም ስሌቴ የት ላይ እንደተሳሳተ በአየር ላይ ተናገርኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 ጥናቶቹ ከ2016 የባሰ ተሳስተዋል። ዊስኮንሰን ላይ የጥናቶቹ አማካይ ጆ ባይደን በ8 ነጥብ ገደማ እንደሚመሩ ያሳይ ነበር፤ ያሸነፉት ግን በ20,682 ድምፅ፣ ከ1 ነጥብ በታች ነው። አሸናፊው የተገመተው ሰው ስለሆነ ብቻ ቢሯችን ውስጥ ማንም ስለ ስህተቱ አላነሳም። እኔ በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ ነው የሰነበትኩት፤ እርሾው እንዳልተለወጠ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ውጤቱ በታወቀ ማግሥት አንድ ሙሉ ክፍል ሠራሁበት።

በ2024 ጥናቶቹ ሁለቱን ፓርቲዎች እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ አስቀመጧቸው። ሁለቱን ጽሑፎች በእኩል ርዝመት ጻፍኳቸው። ሰባቱ ወሳኝ ግዛቶች ተከፋፍለው ሳይሆን አብረው ወደ አንድ ወገን ሊወድቁ እንደሚችሉም በሁለቱም ውስጥ አስገባሁ፤ ሰባቱም ወደ ትራምፕ ሄዱ።

በምርጫው ቀን ከሰዓት በኋላ ሴትየዋ ከፊላደልፊያ ደወሉ። ማን ያሸንፋል ብለው አልጠየቁኝም። ከሥራ በቀጥታ እየሄዱ ስለሆነ ምርጫ ጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ነው ማወቅ የፈለጉት።

«በእኛ አቆጣጠር ምሽት 2 ሰዓት ነው እማማ» አልኳቸው። «ከዚያ በፊት ሰልፍ ከያዙ ግን አይዘጋብዎትም።»