በድሬዳዋ ሙቀት ባትሪ መያዝ፦ የአሥራ አራት ወር ማስታወሻ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከድሬዳዋ ሐረር በኤሌክትሪክ መኪና የምንመላለስ ሰዎች በተገናኘን ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ ፈጣን ቻርጀር ባትሪ ይገድላል ወይ? እኔ የምነዳው ባለ 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ቻርጅ ባደረግሁ ቁጥር ሰዓቱን፣ የውጪውን ሙቀት፣ ስሰካ የነበረውንና ስነቅል ያገኘሁትን መቶኛ በደብተር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ፈጣን ቻርጀር ፈርቼ ከመኪናው ጋር በመጣው ገመድ ከቤት ሶኬት ብቻ ነበር የምሞላው። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚገባው 2.2 ኪሎ ዋት ስለሆነ፣ ከ20 ወደ 100 በመቶ ለመድረስ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈጅ ነበር፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ባትሪውን አድናለሁ ብዬ ቤቱን ላቃጥል ነበር። አንድ ምሽት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ሶኬቱን ስነካው እጄን ፈጀኝ፤ ሽፋኑ ቡናማ ሆኖ ተጣሟል፣ ውስጡ ያለው ነሐስ ላልቶ የመሰኪያውን ጥርስ አጥብቆ አይዝም። ለሻይ ማፍያ የተሠራ ሶኬት ለሃያ ሰዓት ሳያቋርጥ 10 አምፔር እንዲሸከም መጠየቅ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ከቆጣሪው ቀጥታ የተሳበ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ የምድር መስመር ያለው ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አለኝ።

ወደ ፈጣኑ ቻርጀር ስመጣ፣ በግንቦት ከሂርና ተመልሼ በቀጥታ አንድ ባለ 60 ኪሎ ዋት ቻርጀር ላይ የሰካሁት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ውጪው 36 ዲግሪ ነው። የባትሪው ማቀዝቀዣ እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸ፣ በ57 የጀመረው ኃይል ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደ 38 ኪሎ ዋት ወረደ። በሳምንቱ በዚያው ቻርጀር፣ ሌሊቱን ከዚራ ሰፈር በዛፍ ሥር ያደረውን መኪና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስሰካው፣ ከ30 እስከ 80 በመቶ ከ56 ኪሎ ዋት አካባቢ ሳይወርድ በ34 ደቂቃ ሞላ። ባትሪ ኃይል ሲቀበል በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት በኤሌክትሪኩ ፍሰት ካሬ ስለሚያድግ፣ ቀድሞ በሞቀ ባትሪ ላይ ያንን መጨመር መኪናውም ቻርጀሩም ኃይል እንዲቀንሱ ያስገድዳቸዋል። ባትሪን በዕድሜው የሚያስረጀው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ሙቀትና ሞልቶ ፀሐይ ላይ መዋል ነው። ስለዚህ ከጉዞ መልስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጥላ ውስጥ አሳርፌ ነው የምሰካው፤ ከ80 በመቶ በላይም ፈጣን ቻርጀር ላይ አልቆይም፣ ኃይሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ የቀረችው 20 በመቶ የወረፋውን ሰው ጊዜ ከመብላት በቀር ትርፍ የላትም።

ባትሪ እንዲቆይ በየዕለቱ ሲሞላ «80 ላይ አቁም» የሚለውን ምክር ግን ለሁሉም መኪና አድርጌ በመያዜ ተሳስቻለሁ። ጎረቤቴ የሚነዳው የቮልስዋገን አይዲ 4 ባትሪው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ስለሆነ ለዕለት ተዕለት 80 ላይ ማቆሙ ይስማማዋል። የእኔው ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ የቀረው ቻርጅ የሚገመትበት ቮልቴጅ በመሃል ደረጃዎቹ ላይ እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ አልፎ አልፎ እስከ 100 ካልሞላ የመኪናው ኮምፒውተር የቀረውን ቻርጅ በትክክል መቁጠር ይሳነዋል። ሁለት ወር ሳልሞላው ቆይቼ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስወጣ፣ 19 ይል የነበረው ቁጥር በአንድ ጠመዝማዛ 11 አለ፤ ላብ አሰመጠኝ። አሁን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ሌሊት፣ ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ልነዳው ባሰብኩበት ቀን 100 አደርሰዋለሁ።

ስለ ደንገጎ ካነሳሁ አይቀር፣ ሐረር ከድሬዳዋ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ሰው ጭኖ 1,900 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል፤ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ይመልሳል። ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው መቀበያ ቦታ ካለው ነው። በገና ሰሞን ሐረር ላይ 100 ሞልቼ ስነሳ፣ ከአወዳይ የጫት መኪኖች ኋላዬ እየጮሁ፣ ሞተሩ መኪናውን በደንብ መያዝ ስላልቻለ ቁልቁለቱን በአብዛኛው በፍሬን ወረድኩና መንኮራኩሩ ሸተተ። አሁን ሐረር ላይ ከ85 አላልፍም፤ ባለፈው ቅዳሜ ደንገጎ ላይ 71 የነበረው ቻርጅ ድሬዳዋ መግቢያ ስደርስ 73 ሆኖ ነበር፣ ፍሬን የነካሁትም ለኬላው ብቻ ነው።