ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ያለ ሽምደዳ እንዴት ተማርኩት

ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት እንደገባሁ ከሲኒየሮች ቶሎ ቶሎ የምሰማው ምክር "ኦርጋኒክን ሸምድደህ እለፈው" የሚል ነበር። አልተቀበልኩትም፣ ዛሬም አልቀበለውም። ሪአክሽኑ ብዙ ነው። ከስሩ ያለው ሐሳብ ግን ጥቂት ነው፤ ኤሌክትሮን ከበዛበት ወዳነሰበት ይሄዳል፣ አብዛኛው ነገር ከዚህ ይመጣል።

ማታ ላይብረሪ ስገባ ሃንድአውቱን እዘጋና ሜካኒዝሙን (ሪአክሽኑ ደረጃ በደረጃ የሚሄድበትን መንገድ) ባዶ ወረቀት ላይ በእጄ እሠራለሁ፣ የኤሌክትሮኑን ጉዞ ከሚያሳዩት ቀስቶች ጋር። ሃንድአውቱን የምከፍተው የት ጋ እንደቆምኩ ካወቅሁ በኋላ ነው። ኤስኤን1 እና ኤስኤን2ን፣ ማለትም ካርቦን ላይ ያለ ነገር በሌላ የሚተካባቸውን ሁለት መንገዶች፣ ብዙ ተማሪ በሰንጠረዥ ይይዛቸዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ብሮሚኑ የተያያዘበት ካርቦን ዙሪያው ተጨናንቋል ወይስ ክፍት ነው? ብሮሞሜቴን ላይ ክፍት ስለሆነ ኑክሊዮፋይሉ (ኤሌክትሮን ይዞ የሚመጣው ተተኪ) ከጀርባ መጥቶ በአንድ እርምጃ ብሮሚኑን ያስለቅቀዋል፤ ይሄ ኤስኤን2 ነው። ተርት-ቡቲል ብሮማይድ ላይ ግን ሦስት ሜቲሎች ከበውታል፣ ከጀርባ መግቢያ የለም። ስለዚህ ብሮማይዱ ቀድሞ ይለቃል፣ ካርቦካታዮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ካርቦን) ይቀራል፣ ኑክሊዮፋይሉ ከዚያ በኋላ ይገባል፤ ይሄ ኤስኤን1 ነው። ኑክሊዮፋይል ብንጨምር ፍጥነቱ ለምን እንደማይጨምርም ከዚሁ ይገባል፤ ቀርፋፋው እርምጃ የብሮማይዱ መልቀቅ ነው፣ እዚያ ላይ ኑክሊዮፋይሉ የለበትማ።

የማርኮቭኒኮቭ ሕግ ደግሞ በጣም ይገርመኛል፤ ድርብ ቦንድ ላይ ሃይድሮጅን ብሮማይድን የመሰለ ነገር ሲጨመር ሃይድሮጅኑ ቀድሞም ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን ይሄዳል ይላል። ሰውየው ሕጉን ያወጣው ኤሌክትሮን በ1897 እ.ኤ.አ. ከመታወቁ በፊት ነው። ውጤቱን ብቻ አይቶ ነው። እኛ ምክንያቱ አለን፤ ፕሮፒን (ጫፉ ላይ ድርብ ቦንድ ያለው ባለ ሦስት ካርቦን ሞለኪውል) ላይ ሃይድሮጅን ብሮማይድ ሲጨመር ሃይድሮጅኑ ጫፍ ላይ ያለውን ካርቦን የሚይዘው መሀል ላይ የሚቀረው ካርቦካታዮን የተሻለ ስለሚረጋጋ ነው። ምክንያቱ እጃችን ላይ እያለ ሕጉን ብቻ መሸምደድ ያሳዝናል።

ስቴሪዮኬሚስትሪ፣ ማለትም አቶሞቹ በሦስት አቅጣጫ እንዴት እንደተቀመጡ፣ ወረቀት ላይ አይገባም፣ በቃ። የድንች ቁራጭና ስቴኪኒ ይዛችሁ ሞለኪውሉን ሥሩትና አዙሩት።

ላብ ላይ ትምህርቱ ነፍስ የዘራልኝ ከሻይ ቅጠል ካፌይን ስናወጣ ነው። ካፌይን በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ 66 ግራም ገደማ ይሟሟል፣ በክፍል ሙቀት ግን 2 ግራም ገደማ ብቻ። ለዚህ ነው ቅጠሉን አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ ከዚያ ከውሃ ጋር በማይቀላቀልና ካፌይንን በደንብ በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ በዳይክሎሮሜቴን፣ የምንስበው። ሶዲየም ካርቦኔቱ የሚጨመረው ታኒኑ (ከቅጠሉ አብሮ የሚወጣው አፍ የሚያኮማትር ነገር) ጨው ሆኖ ውሃው ውስጥ እንዲቀር ነው። ሁለቱ ፈሳሾች የሚለዩበትን ፈነል በኃይል ከናጣችሁት ተደባልቀው አልለይ ይላሉ፣ ስለዚህ ቀስ አድርጋችሁ አገላብጡት፣ ጋዙንም ቶሎ ቶሎ አስተንፍሱት። ማኑዋሉን ከላብ በፊት ማንበብ ማለት "ይህን ለምን እጨምራለሁ?" ብሎ ለእያንዳንዱ መስመር መልስ ይዞ መግባት ነው።



ሌላው የጠቀመኝ ለዶርም ጓደኞቼ ማስረዳት ነው፣ በአማርኛ። ሌክቸሩም መጽሐፉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ደጋግሞ የገባው መምሰል ቀላል ነው። በራስ አፍ "ይሄ ኤሌክትሮን ለምን እዚህ ሄደ?" ተብሎ ሲጠየቅ ግን መደበቂያ የለም። ፋይናል ሲደርስ ያስረዳሁትን እንደገና ማጥናት አላስፈለገኝም፣ ጊዜዬን ያጠፋሁት አዲስ ጥያቄ በመሥራት ነበር።