በቁልፍ የመጡት ሌቦች

የምሠራው መርካቶ አካባቢ ባለ አንድ የጅምላ አከፋፋይ ዘንድ ነው። ሥራዬ ስምሪት ነው። የትኛው መኪና ምን ጭኖ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚነዳው፣ መቼ እንደሚመለስ እኔ ጋ ይያዛል። ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ክረምት ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ስላደረ አንድ ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ሊሰርቁት መጥተው ነበር፣ አልቻሉም። ለምን እንዳልቻሉ የጭነት መኪና ያለው፣ የሚነዳ ወይም የሚያሰማራ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ መኪናው ለምን መንገድ ዳር እንዳደረ ላስረዳ። በመሃል አዲስ አበባ የጭነት መኪና በተወሰኑ የቀን ሰዓታት እንዳይንቀሳቀስ ገደብ አለ። ስለዚህ እንደኛ ያለ ድርጅት ማታ ጭኖ ንጋት ላይ ይወጣል። የመርካቶ ግቢ ደግሞ ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ከገባ ሦስተኛው ውጭ ማደሩ ነው። የዚያን ሌሊት ውጭ ያደረው ዘይትና ሳሙና እስከ ስፖንዳው ጢም ብሎ የተጫነ፣ ሸራው የታሰረ፣ ሲነጋ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣው መኪና ነበር።

ሾፌሩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከድሮው ኤንትሬ ፊያት ጀምሮ መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። መኪና ሲያቆሙ የሚያደርጉትን ነገር ወጣት ሾፌሮች ‹‹አበዙት›› ይላሉ። ጎማ ሥር ታኮ ያስገባሉ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ያዞራሉ፣ ፊቱን ከግንብ ጋር ያስጠጋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ከወንበር ሥር ሰደድ አድርገው የሆነ ነገር ነካክተው ይወርዳሉ። ምን እንደሚነኩ የሚያውቁት እሳቸውና ባለንብረቱ ብቻ ናቸው። እኔም ያወቅሁት ከጉዳዩ በኋላ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው፣ ካፊያ ይጥላል። ሦስት ሰዎች መጡ። ሁለቱ ቱታ ለብሰዋል፣ አንዱ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። የመንገዱን ጥበቃ ‹‹አባባ እንዴት አደሩ›› ብለው ሰላም አሏቸው። ‹‹ጋሼ አሟቸው ነው፣ እኛ እንድናወጣው አለቃ ልኮን ነው፣ ደብረ ብርሃን ሳይረፍድ መድረስ አለብን›› አሉ። ከዚያ በሩን በቁልፍ ከፍተው ገቡ።

እስቲ በጥበቃው ቦታ ሁናችሁ አስቡት። ሰዎቹ ቁልፍ ይዘዋል። ሾፌሩን የምንጠራበትን ያውቃሉ። መድረሻውን ያውቃሉ። ምንም ሰብረው አልገቡም። ብዙ ሰው በጥበቃው ሲፈርድ ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። ማን መኪና እንዲያወጣ እንደተፈቀደለት አንድም ሰው ነግሯቸው አያውቅም።

ሰውየው ቁልፉን አዞረ። የዳሽቦርዱ መብራት በራ። ሞተሩ ግን ጭጭ። ደግሞ አዞረ፣ ያው ነው። ባትሪ የሞተ እንዳይመስላቸው መብራቱ ደምቆ ይታያል፤ ስለዚህ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ፣ የነከሰ መሰላቸው። አንደኛው ወርዶ ከሥር መደብደብ ጀመረ። ጊዜው እየሄደ ነው፣ ሰፈሩም እየነቃ ነው። በመጨረሻ በረንዳ ላይ ያደሩ ጫኝና አውራጆችን ቀስቅሰው ‹‹እባካችሁ ግፉልን›› አሏቸው።

ከማዶ ንጋት ላይ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ እናት አለች። ጋሼ ሁልጊዜ ከመውጣታቸው በፊት እሷ ጋ ነው ሻይ የሚጠጡት። ግራ የገባት መግፋቱ ነው፤ ጋሼ መኪና ሲያስገፉ አይታ አታውቅም። ስልኳን አወጣችና ደወለች።

‹‹ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ? መኪናዎን ሰዎች እየገፉት ነው።››

‹‹እኔ ደህና ነኝ ልጄ፣ ማንንም አልላክሁም። ጩኺ!››

ጮኸች። ‹‹ሌባ! ሌባ!›› ሲባል መርካቶ ጥግ ላይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲገፉ የነበሩት ልጆች ራሳቸው ዞረው ሊይዟቸው ሮጡ። ሦስቱም አመለጡ። 991 ተደውሎ ፖሊስ መጣ። ቁልፉ እንደተሰካ ቀርቶ ነበር፣ ፖሊስ በኤግዚቢትነት ወሰደው። ከመውሰዱ በፊት ግን ሁላችንም አየነው። አዲስ የተቀረጸ ነው። የእኛ ቁልፍ ስንት ዓመት ተይዞ ጥርሱ አልቋል፤ ያኛው ያብረቀርቃል።

ወንበር ሥር ያለው ነገር ምን እንደሆነ ጋሼ ያን ጠዋት አሳዩኝ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን መስመር የሚቆርጥ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ይገጥመዋል፣ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሲጠፋ መብራቱ ሁሉ ይሠራል፣ ሞተሪኖው ብቻ አይዞርም። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሌባው የተቆለፈበት መሆኑን አያውቅም፣ የተበላሸ ነው ብሎ ሲታገል ሰዓቱ ያልቃል።

‹‹ታዲያ ታኮውና ግንቡ ለምንድን ነው?›› አልኳቸው።

‹‹ዲዝል እኮ ነው›› አሉኝ። ‹‹ሞተሪኖ ባይኖርም ቁልቁለት ካገኘ በማርሽ ይነሳል። ፊቱን ወደ ታች አድርገህ ካቆምክለት ማብሪያው ምን ያደርግልሃል?››

እውነት ነው። ከዚያ መንገድ ወደ ታች ትንሽ ቢንከባለል ኖሮ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ያስነሱት ነበር። የድሮ ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው ዲዝሎችማ አንዴ ከተነሱ ባትሪ ቢነቀልም አይጠፉም፤ የሚጠፉት ነዳጁ ሲቆረጥ ነው። ስለዚህ መኪናችሁ የድሮ ከሆነ የሞተሪኖውን መስመር መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፣ ነዳጁም የሚዘጋበት መንገድ ይፈለግለት። ሲኖትራክን የመሰሉ በንፋስ ፍሬን የሚሠሩ ትልልቅ መኪኖች ላይ ደግሞ ሌላ መላ አለ። ማታ የንፋሱን ታንከር ማስተንፈስ ነው። ንፋስ ከሌለ የኋላው ፍሬን በስፕሪንግ ተጨምቆ ይቀራል፣ ሞተሩ ተነስቶ ንፋሱ እስኪሞላ ድረስ መኪናው አይንቀሳቀስም። እነዚያ ደቂቃዎች ለጥበቃ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚያ ሰዎች ቁልፉን ከየት አመጡት? መኪናው ከዚያ በፊት ለፍሪሲዮን ሥራ አንድ ጋራዥ ገብቶ ሰንብቶ ነበር። ላቫጆም ይሄዳል፤ እዚያ ቁልፉን ልጆቹ ይይዙና ራሳቸው ያንቀሳቅሱታል። ተተኪ ሾፌሮችም ነድተውታል። ቁልፉ ያለፈበት እጅ ብዛቱ! ማን እንዳስቀረጸው አልታወቀም፣ እኔም ማንንም በጥርጣሬ አልወነጅልም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በድርጅታችን አንድ ካርቶን ሳሙና ከመጋዘን ሲወጣ ይፈረምበታል፤ ያን ሁሉ ካርቶን የሚሸከመው መኪና ቁልፍ ግን ከእጅ እጅ ሲዞር የሚመዘግብ አልነበረም። ሌቦቹ መኪናውን ከመስረቃቸው በፊት መረጃውን ሰርቀው ጨርሰዋል። መድረሻውን፣ መውጫ ሰዓቱን፣ የሾፌሩን መጠሪያ፣ የት እንደሚቆም። ይህን ሁሉ ደግሞ ማንም ሻይ ቤት ተቀምጦ ይሰማዋል።

ስለዚህ የቁልፍ መዝገብ ከፈትን። ጋራዥ የሚሄደው ቁልፍ ለብቻው ሆነ፤ የማስነሻው ብቻ ነው፣ የጭነቱና የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ቁልፎች አብረው አይንጠለጠሉም። ከጋራዥ ሲመለስ ድብቁ ማብሪያ ቦታው ይቀየራል፣ ምክንያቱም ጎበዝ መካኒክ ያየዋል። ለጥበቃው ደግሞ በጣም ቀላል ነገር አደረግን። መኪና የሚያወጣ ሰው መውጫ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እሳቸው ደግሞ በወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን እኛ በሰጠናቸው ቁጥር ደውለው ያረጋግጣሉ። ሌባም ወረቀት ላይ ስልክ ቁጥር መጻፍ ይችላላ!

ጂፒኤስ የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አለ። ግን ጂፒኤስ መኪና አያቆምም፣ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ። እሱም የሚናገረው በውስጡ ያለው ሲም ካርድ ሂሳብ ካለው፣ የራሱ ትንሽ ባትሪ ካልሞተ፣ ማንቂያው የሚደርሰው ሰው ስልኩን ሌሊት ካልዘጋ ነው። የእኛ ማንቂያ ይደርስ የነበረው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቢሮው ሌሊት ዝግ ነው። አሁን ለሦስት ሰው ስልክ ይደርሳል። መሣሪያውም ሁሉም ከሚያውቀው ከዳሽቦርዱ ሥር ተነስቶ ሌላ ቦታ ገብቷል። ሞተርን ከርቀት የሚያጠፋውን አገልግሎት በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ እየሄደ ያለ መኪና ላይ አትጠቀሙበት። ሞተሩ ድንገት ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም አቅሙ ይቀንሳል። የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ እንዲህ ቢሆን የሚሞተው መንገደኛ ነው። ሲቆም ጠብቆ ዳግም እንዳይነሳ ማድረግ ነው የሚሻለው።

መድንን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ያ ግን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። መኪናው ቢሰረቅ አንድ ብር አይመልስም፤ ለዚያ እንደ ሙሉ ሽፋን ያለ ስርቆትን የሚጨምር መድን ያስፈልጋል። ጭነቱም ለብቻው ነው። ውላችሁን ዛሬ አውጥታችሁ አንብቡት። የሊብሬውን ኮፒ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አኑሩ፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ሊብሬው ራሱ ጋቢና ውስጥ አይደር።

መኪናው ሙሉውን ባይሰረቅ እንኳ ተቦጫጭቆ ያልቃል። ስኮርታ (ተጠባባቂ) ጎማ፣ ባትሪ፣ ስፖኪዮ (የጎን መስታወት)፣ ናፍታ። ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥር ማስቀረጽ ለቤት መኪና ብቻ የሚመስለው አለ፣ ለጭነት መኪናም ይሠራል። ባትሪው በብረት ሳጥን ይታሰር፣ ስኮርታው በሰንሰለት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፣ ስለ ሾፌሮችና ጥበቃዎች። ለሾፌር የሚሰጠው የሌሊት አበል አልጋ የማይዝለት ከሆነ ጋቢና ውስጥ ይተኛል፣ ወይም ዘመድ ቤት ቅርብ የሆነ ቦታ ፈልጎ መኪናውን እዚያው ያቆማል። ቀን ሙሉ ነድቶ ሌሊት ቁጭ ብሎ ጠብቅ ማለት ግፍ ነው፤ በማግስቱ መንገድ ላይ እንቅልፍ ይዞት ሲሄድ ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል። ሰው መሣሪያ ይዞ ቢመጣበትም ቁልፉን ይስጥና ይውረድ፤ ይህን ለሾፌሮቻችን በግልጽ ነግረናቸዋል። ለአንድ ጥበቃ የመንገዱን መኪና ሁሉ አስረክቦ በወር የምናዋጣለት ገንዘብም የሚያሳፍር ነበር። እኔ ይህን ለባለንብረቱ ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። ቆይቶ ግን የአባባን ክፍያ ጨመረ፣ የዝናብ ልብስና ባትሪ መብራትም ገዛላቸው። ሻይ ሻጯንም ጠርቶ በሰው ፊት አመሰገናት፣ ገንዘብም ሰጣት። ጋሼ ደግሞ ‹‹ያቺ ልጅ ባትደውል ማብሪያው ብቻውን እስከ መቼ ይይዝ ነበር?›› ይላሉ። ልክ ናቸው። በመጨረሻ ሊጎትቱት ይችሉ ነበር።

የሁለቱ መኪኖች የበርና የማስነሻ ቁልፍ ከነሲሊንደሩ ተቀይሯል። የሦስተኛው ዕቃ ገና አልተገኘም። እስኪገኝ ድረስ ግቢ ውስጥ የሚያድረው እሱ ነው፣ ተራውም አይቀየርም።